ለብስክሌተኛ የሚበጅ መምህር

በሰሜን ኢጣልያ ኖቪ ሊጉሬ በምትባል ከተማ ቢያጆ ካቫና የሚሉት አንድ ወጌሻ ይኖር ነበር። የዓይኑ ብርሃን የጠፋበት ይህ ሰው፣ ብስክሌተኞቹ ከልምምድ ሲመለሱ አንድ በአንድ እያስተኛ ጭናቸውንና ባታቸውን በጣቶቹ ይዳስስ፣ የጡንቻቸውን ጥጥርነትና ልስላሴ ይመረምር፣ የደከመውን ከበረታው ይለይ ነበርና፣ ዓይናማዎቹ ከሰዓትና ከርቀት መዝገብ ሊያገኙት ያልቻሉትን እርሱ በመዳሰስ ብቻ ያገኘዋል እየተባለ ስሙ የተጠራ ሆነ። በመጀመሪያ የኮስታንቴ ጂራርዴንጎ ወጌሻ ነበር፤ በኋላ ግን ካስቴላኒያ ከምትባል የገጠር መንደር መጥቶ በዚያች ከተማ ለአንድ ሥጋ ሻጭ በብስክሌት ዕቃ ያመላልስ የነበረው ወጣት ፋውስቶ ኮፒ፣ ገና ስም ሳይኖረው ከእርሱ ዘንድ ገባ። ኮፒ በ20 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ የኢጣልያን ዙር አሸነፈ፤ በ1942 ሚላኖ ላይ በአንድ ሰዓት ረጅም ርቀት የመጓዝን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ1949 እና በ1952 ደግሞ የፈረንሳይን ዙር ወሰደ፤ ይህን ሁሉ ክብር ከተጐናጸፈ በኋላም ሰውነቱን አሳልፎ የሚሰጠው ለዚያው ለዓይነ ስውሩ ወጌሻ ጣቶች ነበር።

ይህን ታሪክ ያስቀደምሁበት ምክንያት አለኝ። በአገራችን ውስጥም ሆነ በባዕድ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል የብስክሌትን ስፖርት የወደዱ ሰዎች አሠልጣኝ ለመያዝ ባሰቡ ጊዜ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት «ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? ስንት አሸናፊስ አፍርቷል?» እያሉ ነው፤ ጥያቄው የሚነቀፍ ባይሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያደርሳቸው ለሌላ ሰው የተገባ አሠልጣኝ ዘንድ ነው። እኔ እንደማምነው፣ ለአንድ ብስክሌተኛ የሚበጀው መምህር የዚያን ሰው ሰውነት፣ ኑሮና ጠባይ እንደ መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብ፣ ባነበበውም መጠን ትናንት የጻፈውን ትእዛዝ ዛሬ ለመለወጥ የማያፍር ሰው ነው። ይህን ሰው ማግኘት ግን ድካም አለው፤ ድካሙም የሚጀምረው ፈላጊው ራሱን ከመመርመር ነው።

አበው ይህን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ረገድ ሥርዓት አድርገውት ኖረዋል። ድጓ የሚሻው ተማሪ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻው ወደ ዙር አምባ ይወጣል፤ ቅኔ የሚሻው ዋሸራን ወይም ጎንጅን ይመርጣል። ሊቁ ብዙ ዕውቀት ያከማቸ ቢሆን እንኳ በስሙ የሚፈለግበት አንድ ሙያ አለውና፣ ደቀ መዝሙሩ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ አውራጃ ለአውራጃ ሲያቋርጥ፣ «የምሻው ምንድር ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚጓዝ። ብስክሌተኛውም ይህንኑ መልስ ሳይዝ ወደ አሠልጣኝ ደጅ ቢሄድ፣ አሠልጣኙ የራሱን ፈቃድ እንጂ የሰልጣኙን ፍላጎት ሊፈጽምለት አይችልም።

የብስክሌት ውድድር ብዙ ዓይነት ነውና ሙያውም የዚያኑ ያህል ይለያያል። የፈረንሳይ ዙር በሦስት ሳምንት ውስጥ 21 ቀን የሚወዳደሩበት፣ ተራራ ወጥቶ ተራራ የሚወረድበት፣ ከጉልበት ይልቅ ከድካም የመመለስ ችሎታ የሚፈተንበት ነው፤ ቬሎድሮም በሚባለው የብስክሌት መወዳደሪያ ውስጥ የሚደረገው የ4,000 ሜትር የማሳደድ ውድድር ግን አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በዚህ በኋለኛው ውድድር ወርቅ ያገኘው እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን፣ አሠልጣኙ ፒተር ኪን የሚባል የስፖርት ሳይንስ መምህር ነበር፤ ሁለቱ ለዓመታት የሠሩት ሥራ ይህችን አጭር ጊዜ በቁጥርና በምርመራ ከፋፍሎ ማጥናት ነበርና፣ ለብሪታንያ ከ1920 ወዲህ በብስክሌት የመጀመሪያው የሆነውን የኦሎምፒክ ወርቅ አስገኘላት። ይህን የመሰለ መርማሪ ለአንዱ ሀብት ሲሆን፣ በግሩፕ መካከል ተጋፍቶ መንዳትን፣ ከነፋስ መሸሸግን፣ ከቁልቁለት መጠምዘዣ በፊት ፍሬን የሚያዝበትን ጊዜ ገና ላልተማረ ልጅ ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ከጎኑ አብሮት የሚነዳ ሰው ነው።

ወደ ሊቁ አገር መሄድ በዚህም ስፖርት ያለ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊስ አገር በኤግል ከተማ ማሠልጠኛ ማዕከል ከፍቶ፣ በአገራቸው ብዙ ውድድርና ብዙ አሠልጣኝ ያላገኙ ወጣቶችን ከየአህጉሩ ይቀበላል። የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ በወጣትነቱ ያለፈው በዚያ ማዕከል ነው፤ በ2022 ጌንት ዌቬልገም የተባለውን የቤልጅግ ውድድር፣ በ2024 ደግሞ በፈረንሳይ ዙር ሦስት ቀን አሸንፎ የነጥብ አንደኛውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ሲገባ ዓለም ሁሉ አየው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፈረንሳይ ዙር ተወዳዳሪ ለመሆን የበቃው ጽጋቡ ግርማይም ወደ ታላላቆቹ ውድድሮች የተሻገረው በደቡብ አፍሪካው የኤም ቲ ኤን ቁቤካ ቡድን በኩል ነበር። የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በ1956 አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት በሜልቦርን ኦሎምፒክ የተወዳደሩ መሆናቸውን ለሚያስታውስ ሰው፣ ከዚያ እስከ 2016 ያለው 60 ዓመት ረጅም ሆኖ ይታየዋል። እኔ ይህን ርዝመት ከጉልበት ማነስ የመጣ አድርጌ አላየውም፤ የአሠልጣኝና የውድድር እጥረት ያመጣው ነው እላለሁ። በዚህም ምክንያት አንድ ወጣት በአጠገቡ ያለውን መምህር የሚመርጥበት ጥበብ ለእኛ ከሌላው ይልቅ ይበልጥ የሚያስፈልገን ነው።

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ የእንጦጦን ዳገት አልፎ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የእሑድ ማለዳ ያየሁትን ልንገር። አንድ ዕድሜው 18 የሚሆን ልጅ ዳገቱን በብርቱ ወጥቶ ሲያበቃ አንድ እግሩን ከመሬት፣ አንዱን ከፔዳሉ እንዳደረገ ቆመ፤ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ በብስክሌቱ መሪ ላይ ይወርድ ነበር። በሞተር ብስክሌት ይከተለው የነበረው አሠልጣኝ፣ ነጭ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ፣ ወርዶ ሁለት ጣቶቹን ከልጁ መንጋጋ ሥር አኖረና የእጅ ሰዓቱን እያየ 15 ሰከንድ ቆጠረ። «አርባ ሁለት» ብሎ በደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ይህም በአራት ሲባዛ በደቂቃ 168 ትርታ መሆኑ ነው። «ስንት ያህል ከበደህ?» ሲለው ልጁ «አሥራ ሰባት፣ ጋሼ» አለ። አሠልጣኙ አንድ ደቂቃ ታግሦ እንደገና ቆጠረ፤ ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት ሆነ። የደብተሩን ገጽ ወደ ኋላ ገለጠና «ባለፈው ሳምንት በዚሁ ቦታ ላይ ሠላሳ ሁለት ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አግኝተሃል?» ሲል ጠየቀው።

ልጁ አቀርቅሮ ጥቂት ዝም አለ። «እናቴን አሟት ስናስታምም አደርን» አለ በመጨረሻ።

«እግዜር ይማራት። እንግዲያውስ ዛሬ ዳገቱ ይቀራል፤ በቀላል ካምቢዮ እየዞርህ እስከ ጫንጮ ደርሰህ ትመለሳለህ።»

«ፕሮግራሙ እኮ አምስት ጊዜ ውጣ ነው የሚል፣ ጋሼ።»

«ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ስጽፈው እናትህ እንደምትታመም አላውቅም ነበር።»

ይህ ሰው ሰርተፊኬቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ነገር ግን ከታላላቆቹ ማሠልጠኛዎች የሚወጡት ሊቃውንት የሚሠሩትን የመጀመሪያ ሥራ ሲሠራ አየሁት። ልጁ የተናገረው 17 ቁጥር ጉናር ቦርግ የተባለው ስዊድናዊ የሥነ ልቡና ምሁር በሠራው መለኪያ የሚነገር ነው፤ መለኪያው ከ6 ይጀምርና በ20 ያልቃል፤ ሰውየው የተሰማውን የድካም መጠን በቁጥር ሲናገር፣ ያ ቁጥር በ10 ቢባዛ የጤናማ ወጣትን የልብ ትርታ በግምት እንዲሰጥ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። የልጁ 17 ከተቆጠረው 168 ጋር የተስማማ ነበር። ያልተስማማው ልቡ ከድካም የሚመለስበት ፍጥነት ነው፤ ይህንንም ለማወቅ የሳምንት በፊቱ ገጽ ያለበት ደብተር ካልሆነ ሌላ ብልሃት አልነበረም።

ዛሬ ከዚህ የረቀቀ መሣሪያ ሞልቷል። ኡልሪሽ ሾበረር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1986 የፔዳልን ግፊት በዋት የሚለካ መሣሪያ ከሠራ ወዲህ፣ ብስክሌተኛው የሚያወጣውን ኃይል በየሰከንዱ ለማየት ተችሏል። አሠልጣኞች አዲስ ሰልጣኝ በተቀበሉ ጊዜ ለ20 ደቂቃ በሙሉ ኃይሉ እንዲነዳ ያዙትና ከአማካይ ዋቱ 95 በመቶውን ወስደው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊጸና የሚችለው ኃይል ይህ ነው ብለው የልምምዱን ደረጃዎች ከዚያ ይከፍላሉ። መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚለካበትን አገር ያላገናዘበ አሠልጣኝ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም በ2,400 ሜትር ከፍታ ገደማ ባለችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሳንባ በአንድ እስትንፋስ የሚቀበለው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል፤ ሰውየውም ረዘም ላለ ጊዜ የሚያወጣው ዋት ዝቅ ይላል። በቆላ አገር ተቀምጦ የደጋውን ልጅ በስልክ የሚያሠለጥን ሰው ይህን ሳይጠይቅ «ቁጥርህ ደካማ ነው» ቢለው፣ ልጁን በሌለ በሽታ ይከሰዋል ማለት ነው። እንዲሁም ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የልብን ከፍተኛ ትርታ የሚወስንና ከዚያ ወዲያ የማይመረምር አለ፤ ይህ ስሌት በብዙ ሕዝብ ላይ አማካይ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ሰው ላይ ግን አሥርና ከዚያም በላይ ትርታ ሊስት የሚችል ነው።

ሌላም በእኛ አገር ሊዘለል የማይገባው ነገር አለ፤ እርሱም ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሆነ ብስክሌተኛ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል፤ ሥጋና ወተት እንቁላልም አይቀምስም፤ ብዙዎችም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህልና ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት እንዲሁ ይጾማል። በብርቱ የሚነዳ ሰው ደግሞ ልምምዱ ረጅም በሆነ ጊዜ በየሰዓቱ ከምግብ ወይም ከመጠጥ ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኙ ሃይማኖቱን አክብሮ የሚጠይቅ መሆን አለበት፤ ጠይቆም ብርቱውን ልምምድ ጾሙ ወደሚፈታበት ሰዓት አስጠግቶ፣ ረጅሙን መንገድ ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ መድቦ፣ ሽሮውንና ምስሩን፣ ሱፉንና ተልባውን በመጠን አስቦ ፕሮግራሙን እንደገና ይጽፋል። «ጾም ከስፖርት ጋር አይሄድም» ብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋውም፣ ጾም እንደሌለ ቆጥሮ የሚያልፈውም፣ ሁለቱም የሰውየውን ግማሽ አላዩም።

የመጀመሪያው ቃለ ምልልስ ብዙ ነገር ይገልጣል፤ እኔ ብስክሌተኛ ብሆን ከመሣሪያና ከሰርተፊኬት አስቀድሜ የማምነው ይህን ጊዜ ነው። የሚበጀው አሠልጣኝ ብዙ ይጠይቃል፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤተ ሰብ፣ በጉልበትና በወገብ ላይ ስላለፈው ሕመም፣ የደም ማነስ ተመርምሮ እንደሆነ፣ በሳምንት ውስጥ በእውነት ስንት ሰዓት እንዳለው ይጠይቃል። ከዚያም ዓይኑ ወደ ብስክሌቱ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ሲሪል ጊማር፣ በርናር ኢኖንና ሎራን ፊኞንን ያፈራው የቡድን መሪ፣ የሰውየውን ርዝመት ከብሽሽቱ እስከ ወለል ለክቶ በ0.883 በማባዛት የኮርቻውን ከፍታ ያገኝ ነበር፤ በዚህ ስሌት 80 ሴንቲ ሜትር የተለካ ሰው ከፔዳሎቹ ዘንግ መካከል እስከ ኮርቻው አናት 70.6 ሴንቲ ሜትር ይሆንለታል ማለት ነው። ዘዴው ለመነሻ የሚረዳ እንጂ ለሁሉ የሚስማማ አይደለምና፣ ጥንቁቅ አሠልጣኝ ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉ ከታች በደረሰ ጊዜ ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈ ያያል፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ቢሆን ይወደዳል፤ ዳሌውም ግራና ቀኝ ቢናወጥ ኮርቻው ከፍ ማለቱን ያውቃል። ሰልጣኙን በብስክሌቱ ላይ ሳያይ የሦስት ወር ፕሮግራም የሚሰጥ አሠልጣኝ አይበጅም።

ሰልጣኙም በተራው ሊጠይቅ ይገባዋል፤ በእኛ ዘንድ ታላቅን መጠየቅ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ብዙዎች አንገታቸውን ደፍተው ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ጥያቄው በአክብሮት ከቀረበ ነውር የለውም። «ሦስት ቀን ብታመም ፕሮግራሙ ምን ይሆናል? በሳምንት ስንት ጊዜ እንነጋገራለን? ልምምዴን የሚያየው እርስዎ ነዎት ወይስ ረዳትዎ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ከእርስዎ ጋር ያልተሳካለት ሰልጣኝ ማን ነበር? ለምንስ አልተሳካለትም?» የሚለው ነው። የልጁን ስም ሳይጠራ ጥፋቱን ከራሱም ከሁኔታውም አመዛዝኖ የሚናገር አሠልጣኝ ቢገኝ፣ እርሱ ከሥራው ሲማር የኖረ ሰው ነው። ያልተሳካለት ሰው ፈጽሞ የለኝም የሚለውን፣ ወይም ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ስንፍና ላይ የሚጭነውን፣ ደህና ይዋሉ ብሎ መሰናበት ይሻላል። ደግሞም ከሰልጣኞቹ መካከል አሸናፊውን ሳይሆን መካከለኛውን ፈልጎ ማነጋገር ጥሩ ነው፤ አሸናፊውን ሁሉም ይንከባከበዋልና።

በባዕድ አገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዋሽንግተን አካባቢ በሆስፒታል የሌሊት ተራ የምትሠራ፣ በዕረፍት ቀኗ 100 ማይል ለመንዳት የምትመኝ አንዲት ነርስ ብናስብ፣ በአጠገቧ አሠልጣኝ ሞልቷል፤ በስልክና በኮምፒዩተር ከሩቅ የሚሠሩትም ስፍር ቁጥር የላቸውም። የአሜሪካ የብስክሌት ማኅበር ለአሠልጣኞች በሦስት ደረጃ የተከፈለ ፈቃድ ይሰጣልና ይህን መጠየቅ ቀላል ነው። ነገር ግን የእርሷ መከራ ከዋት ይልቅ እንቅልፍ ነው፤ ከሌሊት ሥራ ወጥታ በማለዳ የፍጥነት ልምምድ እንድታደርግ የሚያዝዛት፣ ማክሰኞ ለሁሉ ማክሰኞ የሆነበት አሠልጣኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ያደክማታል። የእርሷን የሥራ ተራ በየወሩ ተቀብሎ ፕሮግራሙን በዚያ ላይ የሚያንጽ፣ ስም ያላተረፈም ቢሆን፣ ለእርሷ የሚሻላት እርሱ ነው።

ስለ ሴቶችና ስለ ልጆች ሲነገር ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ኃጢአት ይመስለኛል። በዳገት ላይ ክብደት መቀነስ ይረዳል ስለሚባል፣ ከሚያቃጥሉት ያነሰ እየበሉ የሚነዱ ወጣቶች አሉ፤ በሴቶች ላይ የወር አበባ መቋረጥ፣ በወንድም በሴትም ላይ የአጥንት መሳሳትና የማይለቅ ድካም ይከተላል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ጉዳት በስም ለይቶ አሠልጣኞችን አስጠንቅቋል። ክብደትን በሰው ፊት እየመዘነ የሚያሳፍር፣ የወር አበባ መቅረቱን የጥንካሬ ምልክት አድርጎ የሚያወድስ አሠልጣኝ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው ልጅ አይሰጠውም። ወላጅም የልጁን አሠልጣኝ ማወቅ፣ ልምምዱ የት እንደሚደረግ መጠየቅ፣ አሠልጣኙ ከልጁ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል ወይም በጉዞ ማደሪያ እንዳይገኝ ማድረግ መብቱም ግዴታውም ነው። በአሜሪካ ለአሠልጣኝነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የወንጀል መዝገቡ የሚመረመረውና ልጆችን ከጥቃት ስለ መጠበቅ ትምህርት የሚወስደው ስለዚህ ነው። መልካም አሠልጣኝ በወላጅ ጥያቄ አይቀየምም፤ የተቀየመ እንደሆነ ግን ምርጫው በዚያው ያበቃል።

ድልን በአቋራጭ የሚያመጣ መምህርም በዚህ ስፖርት ታሪክ ውስጥ ታይቷል። ኢጣልያዊው ሐኪም ሚኬሌ ፌራሪ በዕውቀቱ የማይታማ፣ ስመ ጥር ብስክሌተኞች የሚሽቀዳደሙለት ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ግን የአሜሪካ የፀረ አበረታች ቅመሞች ድርጅት ለዕድሜ ልክ ከስፖርቱ አገደው፤ የእርሱ ሰልጣኝ የነበረው ላንስ አርምስትሮንግም ያሸነፋቸው ሰባቱ የፈረንሳይ ዙሮች ሁሉ ተሰረዙበት። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ አልዶ ሳሲ የሚባል ሌላ መምህር ነበር። የማፔይን የስፖርት ማዕከል ሲመራ፣ በቅጣት ታግዶ የተመለሰውን ኢቫን ባሶን የደሙን ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ግልጽ በማድረግ አሠለጠነው፤ ባሶም በ2010 የኢጣልያን ዙር አሸነፈ። ሌላው ሰልጣኙ አውስትራሊያዊው ካዴል ኤቫንስ ነበር። ሳሲ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በአንጎል ዕጢ ሞተ፤ ኤቫንስ በተከተለው ሐምሌ የፈረንሳይን ዙር ሲያሸንፍ፣ እንደሚያሸንፍ ያመነለትን መምህሩን በዕንባ አስታወሰው። ሁለቱም ሊቃውንት በሳይንሱ ብርቱ ነበሩ፤ ሰልጣኙን ከፈተና የጠበቀው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ስሙ በማይነገር መድኃኒት፣ «ቫይታሚን ነው» እየተባለ በሚሰጥ መርፌ፣ በምሥጢር በሚያዝ ሐኪም ማዘዣ ቢጀምር፣ ብስክሌተኛው ወይም ወላጁ በዚያው ቀን ከዚያ ደጅ መራቅ ይገባዋል።

አሠልጣኝ ከተመረጠ በኋላ ለሦስት ወር ያህል ሁለቱም ራሳቸውን ለፈተና ቢያቀርቡ መልካም ነው። ሰውነት ለልምምድ መልስ እስኪሰጥ ሳምንታት ይፈልጋልና፣ በአሥር ቀን ውስጥ ውጤት አላየሁም ብሎ መምህር መለዋወጥ ከንቱ ድካም ነው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ግን፣ በዚያው በፊት በተነዳበት ዳገት ላይ በተመሳሳይ ትርታ የወጣበት ጊዜ አጠረ ወይስ ረዘመ? ሲነቃ ይጓጓል ወይስ ብስክሌቱን ማየት ይሰለቸዋል? ፕሮግራሙ ከተጻፈ ወዲህ ስንት ጊዜ ስለ እርሱ ሲባል ተለውጧል? አንድ ጊዜም ያልተለወጠ ከሆነ፣ አሠልጣኙ ወይ አልጠየቀም፣ ወይ ሰልጣኙ እውነቱን አልነገረውም።

መለያየትም ቢመጣ እንደ ክህደት ሊቆጠር አይገባም። ቅኔውን የፈጸመ ተማሪ ከመምህሩ ምርቃት ተቀብሎ ወደ መጻሕፍቱ ጉባኤ ሲሻገር የቅኔው መምህር አይቆጣም። በርናር ኢኖ ከጊማር ጋር አራት ጊዜ የፈረንሳይን ዙር አሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ከእርሱ ተለይቶ ስዊሳዊው ፓውል ኮክሊ ወደሚያሠለጥነው ቡድን ሄደ፤ በ1985 አምስተኛውን አሸነፈ፤ እርሱን ተከትሎ ከጊማር ዘንድ የወጣው ግሬግ ሌመንድም በ1986 የፈረንሳይን ዙር ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ፤ ጊማር ደግሞ በ1983 እና በ1984 ከወጣቱ ፊኞን ጋር ድሉን ቀጥሎ ነበር። በእኛ ዘመን ታዴይ ፖጋቻር ኢኒጎ ሳን ሚላን ከተባለው ስፔናዊ ምሁር ጋር ሁለት ጊዜ የፈረንሳይን ዙር ካሸነፈ በኋላ፣ ለ2024 ወደ ሐቪየር ሶላ ተላለፈ፤ በዚያው ዓመት የኢጣልያን ዙር፣ የፈረንሳይን ዙርና የዓለም ሻምፒዮናን አከታትሎ ወሰደ።

እንደዚህ ባለው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መዝገቡ ነው። በደብተርም ቢጻፍ በኮምፒዩተርም ቢቀመጥ፣ ትርታውና ዋቱ፣ የታመመበት ቀንና ያሸነፈበት ቀን የብስክሌተኛው ነው፤ አሠልጣኙም በመጀመሪያው ቀን ውል ላይ ይህን ቢያምንለትና ሲለያዩ ሙሉውን ቢያስረክበው፣ የሚመጣው መምህር ከባዶ አይጀምርም።